ሀ² በ360 ከተካፈለ፣ ሀ የግድ በስንት ይካፈላል?

ጥያቄ፦ ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ይህን ጥያቄ ተሳሳትኩ። «ሀ አዎንታዊ ድፍን ቁጥር ነው። ሀ² በ360 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሀን የግድ የሚያካፍለው ትልቁ ድፍን ቁጥር የትኛው ነው?» ምርጫዎቹ 12፣ 30፣ 60፣ 120 እና 360 ናቸው። በሀ ቦታ 120 አስገብቼ 14,400 ለ360 ሲካፈል ልክ 40 ስለመጣልኝ 120ን መረጥኩ። መልሱ ግን 60 ነው ይላል። ለምን? ደግሞስ የአካፋይ፣ የብዜትና የብቸኛ ቁጥር ጥያቄዎችን በአንድ መንገድ መያዝ ይቻላል?

ምላሽ፦

መልሱ 60 ነው። ስሌትዎ ላይ ስሕተት የለም፤ 120² በእርግጥ በ360 ይካፈላል። የሳተው ከስሌቱ የተወሰደው ድምዳሜ ነው። 120ን አስገብተው ያረጋገጡት «ሀ 120 ሊሆን ይችላል» የሚለውን ብቻ ነው። ጥያቄው ግን «የግድ» ይላል። 120 መልስ እንዲሆን ሁኔታውን የሚያሟላ ቁጥር ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በ120 መካፈል ነበረበት። አሁን በሀ ቦታ 60ን ያስገቡ፤ 60² = 3,600፣ ለ360 ሲካፈል 10። ሁኔታው ተሟልቷል፣ 60 ግን በ120 አይካፈልም። በዚህች አንድ አፍራሽ ምሳሌ 120ም 360ም ወደቁ።

60 ራሱ እንዴት እንደሚገኝ እንይ። 360ን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይም) ስንተነትነው 2³ × 3² × 5 ይሆናል። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ሲባዛ በትንትኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ አርቢ (በ2³ ላይ 3 እንደሚገኘው ያለ፣ ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚናገረው) እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በካሬ ቁጥር ትንትን ውስጥ ኢተጋማሽ አርቢ ሊኖር አይችልም። ሀ² ቢያንስ ሦስት 2 ያስፈልገዋል፤ ሦስት ኢተጋማሽ ስለሆነ ቢያንስ አራት አለው ማለት ነው፤ ከአራቱ ግማሹ፣ ማለትም ሁለቱ፣ ሀ ውስጥ አሉ። 3ን ስንወስድ ሀ² ቢያንስ ሁለት፣ ሀ ቢያንስ አንድ አለው። 5ን ስንወስድ ሀ² ቢያንስ አንድ ሲባል ሁለት መሆኑ አይቀርም፣ ሀ ቢያንስ አንድ አለው። ስለዚህ ሀ ቢያንስ 2² × 3 × 5 = 60ን በውስጡ ይዟል። 12 እና 30ም ሀን የግድ ያካፍላሉ፤ ጥያቄው ትልቁን ስለፈለገ ብቻ ቀሩ።

በፈተና ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ወደ አንድ መስመር ይጠቃለላል። እያንዳንዱን አርቢ ለ2 ያካፍሉ፣ ግማሽ ከወጣ ወደ ላይ ያጠጋጉ። ጥያቄው ሀ³ በ360 ይካፈላል ቢል ኖሮ ለ3 አካፍለው ወደ ላይ ያጠጋጉ ነበር። 3 ለ3 1፣ 2 ለ3 ተጠጋግቶ 1፣ 1 ለ3 ተጠጋግቶ 1፤ መልሱ 2 × 3 × 5 = 30። ማረጋገጫው 30³ = 27,000፣ ለ360 ሲካፈል 75።

ይህ አካሄድ ብቸኛ ባልሆኑ ቁጥሮች አይሠራም፤ ብዙ ተፈታኝ የሚወድቀውም እዚህ ነው። ጥንታዊው ግሪካዊ ዩክሊድ ያረጋገጠው ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ቁጥሮችን ብዜት ካካፈለ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ያካፍላል። 6 ብቸኛ ስላልሆነ ይህ አይሠራለትም፤ 4 × 9 = 36 በ6 ይካፈላል፣ 4ም 9ም ግን አይካፈሉም። በዚሁ ምክንያት «ሀ² በ12 ከተካፈለ ሀም በ12 ይካፈላል» የሚለው ውሸት ነው፤ 6ን ያስገቡና ይመልከቱ። «ሀ² በ30 ከተካፈለ ሀም በ30 ይካፈላል» ግን እውነት ነው፤ በ30 ትንትን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚመጣ ብቸኛ ቁጥር የለምና።

ሁለተኛው ጥያቄዎ አንድ መንገድ ይኖር እንደሆነ ነው። አለ። ቁጥሩን እንደ መጠን ሳይሆን እንደ ብቸኛ አካፋዮቹ ዝርዝር ይዩት፤ ከዚያ «ብዜት» የሚለውን ቃል ባዩ ቁጥር «ቢያንስ»፣ «አካፋይ» የሚለውን ባዩ ቁጥር «ቢበዛ» ብለው ያንብቡ። ሀ የ360 ብዜት ነው ከተባለ ቢያንስ ሦስት 2፣ ሁለት 3 እና አንድ 5 አለው፤ ሌላ ምን እንዳለው አናውቅም፣ 7ም 101ም ሊኖረው ይችላል። ሀ የ360 አካፋይ ነው ከተባለ ቢበዛ ሦስት 2፣ ሁለት 3 እና አንድ 5 አለው፤ 7 ፈጽሞ ሊኖረው አይችልም፣ ምንም ሳይኖረው 1 ሊሆን ግን ይችላል። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ሁለቱን አቅጣጫዎች ከማምታታት ነው።

ምሳሌ ልስጥ። «ሀ በ4ም በ6ም ይካፈላል፤ በ24 ይካፈላል?» 4 ሁለት 2 ይጠይቃል። 6 አንድ 2 እና አንድ 3 ይጠይቃል። 6 የሚጠይቀው 2 በ4ቱ ውስጥ ቀድሞ ስላለ እንደገና አይቆጠርም። ስለዚህ ርግጠኛ የምንሆነው ሁለት 2 እና አንድ 3፣ ማለትም 12 ብቻ ነው። 12 እና 36 በ24 ስለማይካፈሉ መልሱ «የግድ አይደለም» ነው። በ8ና በ9 ቢሆን ግን የጋራ ብቸኛ አካፋይ ስለሌላቸው በ72 መካፈሉ የተረጋገጠ ነው። የመካፈል መፈተኛዎችም በዚሁ ይመራሉ። አንድ ቁጥር በ12 መካፈሉን ለማወቅ በ3ና በ4 ይፈትኑት፣ በ2ና በ6 አይደለም። በ18 ለማወቅ በ2ና በ9 ይፈትኑ፤ በ3ና በ6 ከፈተኑት 30 ያታልልዎታል። በ24 ለማወቅ በ3ና በ8።

ትንሹ የጋራ ብዜት ከየብቸኛ ቁጥሩ ትልቁን አርቢ መውሰድ ነው፤ ትልቁ የጋራ አካፋይ ትንሹን አርቢ መውሰድ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዚህ ስሌት ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየ4 ዓመቱ ነው፣ ሳምንት 7 ቀን አለው፤ 4 እና 7 የሚጋሩት ብቸኛ አካፋይ ስለሌለ ቀንና ዕለት በነበሩበት ሥርዓት የሚመለሱት በ4 × 7 = 28 ዓመት ነው፣ ይህም ዐውደ ፀሐይ ይባላል። ንዑስ ቀመር፣ ማለትም የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር የሚገጥሙበት ዙር፣ 19 ዓመት ነው። 19 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነና 28 ውስጥ ስለሌለ ሁለቱ አብረው የሚገጥሙት በ19 × 28 = 532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር የሚባለው እርሱ ነው። ማዕከላዊው ቀመር ደግሞ 19 × 4 = 76። ንዑሱ ቀመር 19 መሆኑ ቀርቶ 21 ቢሆን ኖሮ 7ን ከ28 ጋር ስለሚጋራ ዙሩ 28 × 21 = 588 አይደርስም፣ በ84 ዓመት ይገጥም ነበር።

ፈተና ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚጠይቀው። «የሁለት ቁጥሮች ትልቁ የጋራ አካፋይ 12፣ ትንሹ የጋራ ብዜት 360 ነው፤ አንዱ 72 ከሆነ ሌላው ስንት ነው?» የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከጋራ አካፋያቸውና ከጋራ ብዜታቸው ብዜት ጋር እኩል ስለሆነ 12 × 360 = 4,320 ለ72 ሲካፈል 60። ይህ ሕግ ለሁለት ቁጥር ብቻ መሆኑን አይርሱ። 2፣ 4 እና 8ን ብንወስድ የጋራ አካፋያቸው 2፣ የጋራ ብዜታቸው 8፣ የሁለቱ ብዜት 16 ነው፤ የሦስቱ ብዜት ግን 64 ነው። ከበድ ያለው ቅርጽ «እንዲህ ያሉ ጥንዶች ስንት ናቸው?» የሚለው ነው። 360 ለ12 ሲካፈል 30 = 2 × 3 × 5 ነው፤ ሦስቱን ብቸኛ ቁጥሮች ለሁለት ቁጥሮች ሳይከፋፈሉ ማደል ያስፈልጋል፦ 1 እና 30፣ 2 እና 15፣ 3 እና 10፣ 5 እና 6። በ12 ስናበዛቸው 12 እና 360፣ 24 እና 180፣ 36 እና 120፣ 60 እና 72፤ አራት ጥንድ።

ሌላው ወደ ኋላ የሚሄድ ጥያቄ፦ «የሀ እና የ24 ትንሹ የጋራ ብዜት 120 ነው፤ ሀ ስንት ዓይነት ሊሆን ይችላል?» 24 = 2³ × 3 ነው፣ 120 = 2³ × 3 × 5። 5 ከ24 ሊመጣ ስለማይችል የመጣው ከሀ ነው፤ እዚህ ላይ ምርጫ የለም። 2ን በሚመለከት 24 ብቻውን ሦስቱን ስለሸፈነ ሀ ከ0 እስከ 3 ማናቸውንም ሊይዝ ይችላል፣ 4 ምርጫ። 3ን በሚመለከት 0 ወይም 1፣ 2 ምርጫ። ስለዚህ 4 × 2 = 8 ናቸው፦ 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 30፣ 40፣ 60፣ 120። «ሀ ትልቅ መሆን አለበት» ብሎ 5ን የሚዘነጋ ተፈታኝ ብዙ ነው።

ስለ አካፋይ ብዛት። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ መስለው ይታያሉ። የ360 የተለያዩ ብቸኛ አካፋዮች ሦስት ናቸው፦ 2፣ 3 እና 5። ድግግሞሹ ከተቆጠረ ስድስት ናቸው፦ 2፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 5። ጠቅላላ አዎንታዊ አካፋዮቹ ደግሞ እያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ተደምሮ ሲባዛ (3+1) × (2+1) × (1+1) = 24 ናቸው። 1 የሚደመረው «ምንም አለመውሰድ»ም አንድ ምርጫ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ቀመሩን አይረሳም፣ የተቀየረ ጥያቄም አያስደነግጠውም። ከ24ቱ ኢተጋማሾቹ ስንት ናቸው? 2ን አለመውሰድ አንድ ምርጫ ብቻ ነው፣ 1 × 3 × 2 = 6፤ ተጋማሾቹ 18። የ12 ብዜት የሆኑትስ? ቢያንስ ሁለት 2 እና አንድ 3 ሊኖር ይገባል፤ ለ2 ሁለት ምርጫ፣ ለ3 ሁለት፣ ለ5 ሁለት፣ ስለዚህ 8። ካሬ የሆኑትስ? አርቢዎቹ 0 ወይም 2 ብቻ ይሆናሉ፤ 1፣ 4፣ 9 እና 36።

ከዚሁ የሚወጣ ሁለት እውነት ፈተና ላይ ደጋግሞ ይመጣል። የአካፋዮቹ ብዛት ኢተጋማሽ የሆነ ቁጥር ካሬ ቁጥር ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ሁሉ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚመጡ። በትክክል ሦስት አካፋዮች ያሉት ቁጥር ደግሞ የብቸኛ ቁጥር ካሬ ነው። «ከ1 እስከ 200 ባሉት ውስጥ ሦስት አካፋይ ያላቸው ስንት ናቸው?» ሲባል 200 ቁጥር መፈተሽ የለብዎትም፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13ን ካሬ ያድርጉ፣ 17² = 289 አልፏል፣ መልሱ 6።

ብቸኛ ቁጥሮችን በሚመለከት በቃል መያዝ ያለበት ጥቂት ነው። 1 ብቸኛ ቁጥር አይደለም። 2 ብቸኛው ተጋማሽ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ይህ ደግሞ ብዙ ጥያቄ ይፈታል። «የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር 63 ነው፤ ብዜታቸው ስንት ነው?» ድምሩ ኢተጋማሽ ስለሆነ አንዱ 2 መሆኑ ግድ ነው፣ ሌላው 61፣ ብዜቱ 122። ድምሩ 51 ቢሆን ሌላው 49 = 7 × 7 ስለሚሆን እንዲህ ያለ ጥንድ የለም። ከ100 በታች 25 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ እነርሱን ያጥኑ፣ ከዚያ በተጨማሪ ብቸኛ መስለው የሚያታልሉትን ማወቅ ይጠቅማል፦ 51 = 3 × 17፣ 57 = 3 × 19፣ 87 = 3 × 29፣ 91 = 7 × 13፣ 119 = 7 × 17፣ 133 = 7 × 19፣ 143 = 11 × 13፣ 161 = 7 × 23፣ 187 = 11 × 17፣ 221 = 13 × 17፣ 323 = 17 × 19። በተለይ እንደ ጂማት (GMAT፣ የቢዝነስ ድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ባሉ በሒሳብ ክፍላቸው ካልኩሌተር በማይፈቅዱ ፈተናዎች ላይ እነዚህ ጊዜ ይቆጥባሉ። ለሌላ ቁጥር እስከ ዳግም ዘሩ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ይሞክሩ። 223ን ቢወስዱ 15² = 225 ስለሆነ ከ13 በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 አንዳቸውም አያካፍሉትም፣ ስለዚህ ብቸኛ ነው።

ፋክቶሪያል (በ! የሚጻፈው፣ ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉት ሁሉ ተባዝተው የሚሰጡት) ያለባቸው ጥያቄዎች የሚያስፈሩት በመጠናቸው ነው እንጂ ሥራቸው ያው ነው። 100! ከመጨረሻው ስንት ዜሮ አለው? አንድ ዜሮ አንድ 2 እና አንድ 5 ይፈልጋል፣ 2 ስለሚትረፈረፍ 5ን እንቆጥራለን፤ የ5 ብዜቶች 20፣ የ25 ብዜቶች አንድ አንድ 5 ስለሚጨምሩ 4፣ ድምር 24። 20 የሚል ምርጫ ሁልጊዜ አለ፣ 25ን ለረሳ ሰው የተቀመጠ ነው። እዚህ ላይ «ትልቁን ብቸኛ ቁጥር ብቻ ቁጠር» የሚል አቋራጭ ሲነገር ይሰማል፤ አደገኛ ነው። 30!ን ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ትልቁ የ12 አርቢ ስንት ነው? 12 = 2² × 3። በ30! ውስጥ 3ቶቹ 10 + 3 + 1 = 14 ናቸው፣ አቋራጩን የተከተለ 14 ይላል። 2ቶቹ 15 + 7 + 3 + 1 = 26 ናቸው፣ እያንዳንዱ 12 ግን ሁለት ሁለት ስለሚወስድ የሚበቁት ለ13 ብቻ ነው። መልሱ 13 ነው። ሁለቱንም ቆጥሮ ትንሹን መውሰድ ነው የሚያዋጣው።

ቀሪ ላይም «የግድ» እና «ሊሆን ይችላል» ይመለሳሉ። ሀ ለ12 ሲካፈል 7 ከቀረ፣ ለ4 ሲካፈል የግድ 3 ይቀራል፤ 12 ራሱ የ4 ብዜት ስለሆነ ቀሪውን የሚወስነው 7 ብቻ ነው። ለ24 ሲካፈል ግን 7 ወይም 19 ሊቀር ይችላል፣ አይወሰንም። የዓመቱን ወንጌላዊ ለማወቅ ዓመተ ዓለምን (ዓመተ ምሕረት ላይ 5,500 ተደምሮ የሚገኘውን) ለ4 ስናካፍል የምናደርገውም ይኸው ነው፤ 5,500 የ4 ብዜት ስለሆነ ሳይደመር ቢቀርም ቀሪው አይለወጥም፣ 2017 ለ4 ተካፍሎ 1 ይቀራል፣ ዘመነ ማቴዎስ። ለ19 ሲካፈል ግን 5,500 ራሱ 9 ስለሚተርፈው መተው አይቻልም። ሁለት ሁኔታ ሲሰጥ፣ ለምሳሌ ለ5 ሲካፈል 3፣ ለ7 ሲካፈል 4 ከቀረ፣ በትልቁ ይጀምሩ፦ 4፣ 11፣ 18፤ 18 ለ5 ሲካፈል 3 ይቀራል፣ ተገኘ። ቀጣዮቹ 35 እየጨመሩ ይመጣሉ፦ 53፣ 88። ለ4 3፣ ለ5 4፣ ለ6 5 ቀረ ሲባል ደግሞ ቁጥሩ ለሁሉም 1 እንደጎደለው ይዩ፤ የጋራ ብዜታቸው 60 ነው፣ ትንሹ መልስ 59።

ቁጥር አስገብቶ መሞከርን አይተዉት፤ ቦታውን ግን ይወቁለት። አንድ ምሳሌ «የግድ» የሚለውን ያፈርሳል እንጂ አያጸናም። ስለዚህ ጥያቄው «የግድ» ሲል ሁኔታውን የሚያሟላውን ትንሹን ቁጥር ፈልገው ምርጫዎቹን ይጣሉበት። በዚህ ጥያቄ 60ን ያስገባ ሰው 120ንና 360ን ወዲያው ይጥላል። «አዎንታዊ» ካልተባለ 0ን ይሞክሩ፤ 0 የሁሉም ቁጥር ብዜት ነው፣ ተጋማሽም ነው። «የተለያዩ» ካልተባለ ሁለት ፊደላት አንድ ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ።

እጅዎን ለማሟሸት ሁለት ጥያቄ ይሥሩ። 540 × ሀ ካሬ ቁጥር እንዲሆን ትንሹ አዎንታዊ ሀ ስንት ነው? ሦስተኛ ርቢ ያለው (የድፍን ቁጥር ኪዩብ) እንዲሆንስ? 540 = 2² × 3³ × 5። ለመጀመሪያው ኢተጋማሽ አርቢ ያላቸው 3 እና 5 አንድ አንድ ይጎድላቸዋል፣ ሀ = 15፣ ብዜቱ 8,100 = 90²። ለሁለተኛው አርቢዎቹ የ3 ብዜት እንዲሆኑ አንድ 2 እና ሁለት 5 ይጎድላሉ፣ ሀ = 50፣ ብዜቱ 27,000 = 30³።